ድንበሩ በአምስት ቀን ተከፈተ፤ የበቆሎው ዋጋስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ናይሮቢ ነው። በ2021 ኬንያ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ የሚመጣ በቆሎ ስትከለክል እዚሁ ነበርኩ። እገዳው ሳምንት ሳይሞላው ተነሣ ተባለ። አንድ ታንዛኒያዊ ጓደኛዬ ግን ቤተሰቦቹ በቆሎ አምራቾች ስለሆኑ ዛሬም ድረስ ያማርራል። አምስት ቀን የቆየ እገዳ ይህን ያህል ያስመርራል? አባቴም ቡሬ በቆሎ ያመርታል። የጎረቤት አገሮች የንግድ ጠብ እሱን ይነካዋል ወይስ የድንበር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው?»

መልስ፦ ጓደኛዎ በከንቱ አያማርርም። እገዳው ወረቀት ላይ የቆየው አምስት ቀን ነው። በቆሎው ግን ከዚያ በላይ ቆሟል። ሥራዬ እህል ነው፤ መጋዘን ውስጥ ጀምሬ አሁን ለገበሬ ዩኒየኖች የገበያ ምክር እሰጣለሁ። የጠየቁኝ በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። ዓመቶቹ፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ማርች 5 ቀን 2021 የኬንያ የግብርናና የምግብ ባለሥልጣን ለጉምሩክ ደብዳቤ ጻፈ። ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣው በቆሎ ውስጥ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ፣ አፍላቶክሲንና ፉሞኒሲን፣ ከሚፈቀደው በላይ ስለተገኘ አይግባ የሚል ነው። ድንበር ላይ መኪና ተሰለፈ። ማርች 10 ላይ የግብርና ሚኒስትሩ ፒተር ሙንያ እገዳው ተነሥቷል አሉ። ግን ቅድመ ሁኔታ አስከተሉ። አስመጪ ሁሉ ይመዝገብ። እያንዳንዱ ጭነት የአፍላቶክሲኑ መጠን ከቢሊዮን 10 እጅ እንደማይበልጥ የሚመሰክር ወረቀት ይያዝ። በቆሎው ከየት አካባቢ እንደመጣም ማስረጃ ይቅረብ።

አሁን ይህችን ልብ ይበሉ። በሜይ መጀመሪያ የታንዛኒያዋ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን ናይሮቢ መጡ። ያን ጊዜ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ ድንበር ላይ የተከማቸው በቆሎ እንዲለቀቅ ትእዛዝ ሰጡ። እገዳው «ከተነሣ» ሁለት ወር ሊሞላው ነው! በዜና የተከፈተ ድንበርና በመኪና የሚታለፍ ድንበር አንድ አይደሉም። ጓደኛዎ የሚያወራልዎ ስለ ሁለተኛው ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሦስቱም አገሮች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ናቸው። የጉምሩክ ኅብረታቸው ሥራ የጀመረው በ2005 ነው። ከማኅበረሰቡ ውጭ በሚመጣ በቆሎ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ አለ፤ እርስ በርሳቸው ግን ቀረጥ የለም። ስለዚህ ሲኳረፉ በቀረጥ መቀጣጣት አይችሉም። የሚቀጣጡት በወረቀት ነው። የጤና ምስክር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የመነሻ ማስረጃ። በ2017 ታንዛኒያ ናማንጋ በሚባለው የሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ከኬንያ የገቡ 6,400 ጫጩቶችን አቃጥላለች፤ የወፍ ጉንፋን ይዛመታል ብላ ነው። በዚያው ሰሞን ድንበር ተሻግረው ሲግጡ የተገኙ 1,300 ገደማ የኬንያ ማሳዮች ከብቶችን በሐራጅ ሸጣለች። የ2021ዱ የበቆሎ ደብዳቤ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቦ ነው።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ገበሬ ዋጋ አያወጣም። ዋጋ የሚወጣው መጨረሻው ገበያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቀነሰ ይመጣል። ናይሮቢ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ለአንድ ኩንታል 100 ይከፍላል እንበል። ሽልንግም ብርም አይደለም፣ ዝም ብሎ 100። መኪናው 20 ይወስዳል። ጆንያ፣ ሚዛንና ተሸካሚ 5። ደላላና ነጋዴ 10። ገበሬው ደጅ የሚደርሰው 65 ነው። አሁን ድንበሩ ታወከ። ነጋዴው «ይህን ጭነት ባላሳልፈውስ?» ብሎ ለስጋቱ 20 ያዘ። ባለ መኪናው ከኪራዩ አይቀንስም፤ ነዳጁ ያው ነው። ተሸካሚውም አይቀንስም። ሃያው በሙሉ ከገበሬው ላይ ይነሣል። 65 የነበረው 45 ሆነ። ናይሮቢ ላይ ማንም ሳንቲም ሳይቀንስ፣ እርሻው ላይ ያለው ሰው ወደ ሲሶ የሚጠጋ ገቢውን አጣ።

የሂሳቡ ክፉ ጎን ይህ ነው። ሁሉም ድርሻውን ወስዶ የተረፈው ነው የገበሬው። ድግስ ላይ ጀርባው ጋ የተቀመጠ እንግዳ በሉት፤ ወጡ ሲያንስ ሳህኑ ባዶ የሚመለሰው የእሱ ነው።

ያ 20 ደግሞ እገዳው ሲነሣ አብሮ አይነሣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ሁለት ጭነት ድንበር ላይ የተበላሸበት ነጋዴ በሚቀጥለው ወቅት ገና መንደር ሳይደርስ ዋጋውን ቀንሶ ነው የሚመጣው። «መንገዱ ክፍት ነው እኮ» ቢሉት «ዛሬ ነዋ!» ይላል። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ወረቀቱስ ምን ክፋት አለው? መርዝ ይመርመር ነው ያሉት። ልክ ነው፣ ሐሳቡ ክፋት የለውም። ችግሩ በቆሎ ከሚሰበሰብበት መንገድ ጋር አለመግባባቱ ነው። አንድ ትልቅ መኪና 300 ኩንታል ይጭናል እንበል። ያ በቆሎ የአንድ ሰው አይደለም። ሰብሳቢው ከዚህ ሦስት ኩንታል፣ ከዚያ ሁለት ኩንታል እያለ ከመቶ ቤት ነው የሚሞላው። ቡሬ ገበያ ልጅ ሳሉ አይተው ይሆናል። ሰብሳቢው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይሰዳል። ከላይ ያለውን አያምንም፤ ከሥር ዘግኖ ያወጣል። ከዚያ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ካለች ደርቃለች። ጥርስ ሥር ከለሰለሰች እርጥብ ናት። «መልሰህ አስጣው» ይላል፣ ወይም ዋጋውን ያወርዳል። ይህ ምርመራ ወጪ የለውም፣ እርጥበትንም ደህና አድርጎ ይለያል።

አፍላቶክሲንን ግን ጥርስ አያውቀውም። ዓይንም አያውቀውም፤ ጤነኛ የሚመስል ፍሬ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ላብራቶሪ ደግሞ ገንዘብና ቀን ይፈልጋል። ትልቁ አስመጪ ይከፍላል፣ ይጠብቃል። አንድ አይሱዙ ተከራይቶ የሚሠራው ትንሽ ነጋዴ ግን ሥራውን ይተዋል። ገበያ ላይ ይጫረቱ ከነበሩ አምስት ገዢዎች ሁለት ሲቀሩ ዋጋው ምን እንደሚሆን እኔ ልነግርዎ አይገባም። የመቶ ሰው በቆሎ በተቀላቀለበት ጭነት ላይም አንዱ እርጥብ መሬት ላይ ያሰጣት ሦስት ኩንታል የሌሎቹን ሁሉ ልታስጥል ትችላለች። ጠንቅቆ ያደረቀው ሰው ለብቻው የሚታወቅበት መንገድ የለም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። የምሥራቅ አፍሪካው ደረጃ በቆሎ ሲሸጥ እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ። ሸራ ለብሶ ድንበር ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን ያስቡ። ቀን ፀሐይ ያግለዋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሸራው ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠብታው የላይኛው ረድፍ ጆንያ ላይ ይወርዳል። ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት። ሻጋታ ተፈርቶ የቆመ ጭነት እዚያው ቆሞ ይሻግታል።

መጠበቅ ያልፈለገስ? በስዋሂሊ የአይጥ መንገድ የሚሉት አለ። ከኬላው ራቅ ብሎ በብስክሌት፣ በሞተር፣ በትከሻ እየተቆነጠረ ያልፋል። በዚያ የሚገባውን በቆሎ ማንም አይመረምረውም። ኮንትሮባንዲስቱም ለአደጋው የሚያስከፍለው ያንኑ ገበሬ ነው።

ይህን ስል አፍላቶክሲን ቀልድ ነው ማለቴ አይደለም። በ2004 የኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማኩዌኒና ኪቱዊ አካባቢ፣ 317 ሰው በተበከለ በቆሎ ታምሞ 125ቱ ሞተዋል። በአብዛኛው እዚያው የተመረተና እርጥብ ሳለ የተከማቸ በቆሎ ነበር። በ2019 መጨረሻም ኬንያ የአምስት የበቆሎ ዱቄት ምርቶችን ሽያጭ በዚሁ መርዝ ምክንያት አግዳለች፤ ፋብሪካዎቹ ኬንያ ውስጥ ያሉ ናቸው። መርዙ ፓስፖርት የለውም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በድንገት ኬላ መዝጋት ግን መድኃኒቱ አይመስለኝም። መድኃኒቱ ያለው ማሰጫው ላይ ነው። ሸራ ላይ ማስጣት፣ በጊዜ መፈልፈል፣ ወረዳው ውስጥ መመርመር።

ቢያንስ የኬንያ ገበሬ ይጠቀማል ይሉ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ትራንስ ንዞያና ዋሲን ጊሹ የኬንያ የበቆሎ ጎተራ ናቸው። ዋናው ምርታቸው የሚሰበሰበው ከኦክቶበር በኋላ ነው። ማርች ላይ በቆሎ ጎተራው ውስጥ ያለው ማነው? መጋዘን ያለው፣ ዕዳ ያላጣደፈው፣ ሰፋ ያለ መሬት ያለው ነው። ትንሹ ገበሬ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣበት ሸጦ ጨርሷል። እንዲያውም በዚያ ወር ሸማች ነው፤ ሱቅ ሄዶ ኡጋሊ ለሚባለው የበቆሎ ገንፎ ዱቄት ይገዛል። የጎረቤት በቆሎ ሲታገድ የሚወደድበት ዱቄት ያ ነው። «ገበሬውን ለመጠበቅ» የሚባል እገዳ ሁሉ ስሰማ የትኛውን ገበሬ እያልኩ እጠይቃለሁ።

ገዢው ሳይሆን ሻጩ አገር ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ታንዛኒያ በጁን 2017 በቆሎ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ምክንያቱ የአገር ውስጥ የምግብ ዋስትና ነው። ወሩን ይዩት። በደቡቡ ደጋ፣ ሩክዋና ሩቩማ አካባቢ፣ በቆሎ የሚሰበሰበው ከሜይ እስከ ኦገስት ነው። ሰውየው ጆንያውን ሰፍቶ ሳይጨርስ በር ተዘጋበት። ያ አካባቢ ከዳሬሰላም ይልቅ ለዛምቢያና ለማላዊ ይቀርባል፤ ዋና ገበያውን ነው ያጣው። እህል ባይሸጥም ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል እኮ የሚል አለ። ዕዳና ነቀዝ ግን ቆመው አይጠብቁም።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳት የሚታየው በዓመቱ ነው። በቆሎ ከስሮብኛል ያለ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያውን ይቀንሳል፣ የተሻሻለ ዘር መግዛቱን ይተዋል፣ ወይም መሬቱን ለሌላ ሰብል ያዞራል። ምርት ያንሳል። ዋጋ ይንራል። መንግሥት ደንግጦ እንደገና ይዘጋል።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠም። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ ኅብረት ከዩክሬን የሚመጣ ምርት ላይ ቀረጥ አነሣ። ሊያልፍ የመጣው እህል ጎረቤት አገሮች ውስጥ ቀረና ዋጋ ወደቀ። የፖላንድ ገበሬ ትራክተሩን ይዞ መንገድ ዘጋ። በኤፕሪል 2023 የግብርና ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ፖላንድ የዩክሬንን እህል አገደች። በሴፕቴምበር ዩክሬን ፖላንድን፣ ሃንጋሪንና ስሎቫኪያን ለዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። ከበቆሎው ታሪክ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ነው። ኅብረቱ ለፖላንድ፣ ለቡልጋሪያና ለሩማንያ ገበሬዎች 56.3 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ መድቧል። ናማንጋ ላይ ጭነቱ ለበሰበሰበት ሰው ዩሮ የሚመድብ አልነበረም።

አሁን ወደ ቡሬ እንምጣ። የአባትዎ በቆሎ ቀጥታ ኬንያ አይደርስም። ከቡሬ ሞያሌ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ትራንስፖርቱ ይበላዋል። ጠቡ በጎን ነው የሚደርሳቸው። የደቡቡ በቆሎ ወደ ሞያሌ ሲሳብ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላይ ለጎጃም በቆሎ ቦታ ይሰፋል። ሞያሌ ሲጠብ የደቡቡም ወደዚያው ይዞራል፣ ዋጋውም ይላላል። አባትዎ ይህን የሚያዩት «ዘንድሮ ገዢ ቀዝቅዟል» በሚል ቋንቋ ነው። ማንም ስለ ሞያሌ አይነግራቸውም።

እኛም በር ዘግተን እናውቃለን። የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ የታገደው በ2006 ነው፤ በ2008 እገዳው ወደ ሌሎች ብርዕና አገዳ እህሎች ሰፋ። እንጀራ ግን በአውሮፕላን ዋሽንግተን መግባቱን አላቆመም። የከተማውን ሸማች ለመጠበቅ ነው የተባለው፤ እሱም ተገቢ ስጋት ነው። ሂሳቡን ግን በዝቅተኛ ዋጋ የከፈለው ገበሬው ነው።

ከጎረቤት ጋር የተጣላንበትን ለማየት ሰሜን መሄድ ይበቃል። በእኛ በ1990 መጀመሪያ ወራት ኤርትራ ናቅፋ የሚባል የራሷን ገንዘብ አወጣች። ናቅፋና ብር እኩል ይዘዋወሩ አለች፤ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በባንክና በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ። ሁለት ሺህ ብር በዚያን ጊዜ ዋጋ እንኳ አንድ አይሱዙ የማይሞላ ጤፍ ነው። ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ የጤፍ ንግዱ እግር ታሰረ። ጦርነቱ የመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2011 በእኛ፣ ድንበሩ በዛላምበሳና በቡሬ ተከፈተ። (የአፋሩ ቡሬ ነው፣ የአባትዎ አይደለም።) ያን ቀን ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ጤፉም ሲሚንቶውም ወደ ላይ ነጎደ። ነገር ግን የተስማሙበት ቀረጥም፣ የምንዛሪ ተመንም፣ የጉምሩክ ሥርዓትም አልነበረም። ታኅሣሥ ሳያልቅ ዛላምበሳ እንደገና ተዘጋ። ታኅሣሥ ደግሞ ጤፍ አውድማ ላይ የሚወጣበት ወር ነው። የአስመራን ገዢ አስቦ ጤፉን ያቆየ ሰው ያን ሳምንት ምን እንደተሰማው ይገምቱ።

ለአባትዎ ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን የሚሸጡትን አይደለም፣ የሚገዙትን ነው። ማዳበሪያን ማለቴ ነው። ከኤርትራው ጦርነት በፊት የአገራችን አብዛኛው ገቢ ዕቃ የሚያልፈው በአሰብ ነበር። በእኛ ከግንቦት 1990 ወዲህ ዋናው በር ጅቡቲ ሆነ። ኤንፒኤሱም ዩሪያውም የሚመጣው በዚያ ነው። ወደብ የሌለው ገበሬ ከጎረቤት ጋር ያለው ትስስር እንዲህ ነው፤ ድንበር አይቶ የማያውቅ ሰው የሰኔ ዘሩ በድንበር ላይ ተንጠልጥሏል። በኤፕሪል 2025 ማላዊና ታንዛኒያ ሲጣሉ ይህ በግልጽ ታየ። ማላዊ የታንዛኒያን ሩዝ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሙዝና ዝንጅብል ከለከለች። ታንዛኒያ በምላሹ የማላዊን የግብርና ምርት አገደች፤ የዚያን ጊዜው የግብርና ሚኒስትር ሁሴን ባሼ በአገራቸው በኩል ወደ ማላዊ የሚያልፈውን ማዳበሪያም እናቆማለን ብለው አስፈራሩ። በቀናት ውስጥ ታረቁ። ማስፈራሪያው ግን ተሰምቷል።

አባትዎ ምን ያድርጉ? ድንበሩን መክፈት አይችሉም። ጊዜ መግዛት ግን ይችላሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ሲሸጥ ሁሉንም አይሽጡ። ዕዳ የሚከፍልላቸውን ያህል ይሽጡና የቀረውን ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል አድርቀው፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡ። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ላስቲኮቹ ለየብቻ ጠምዘዝ ተደርገው ይታሰሩ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይቋጥርና በኋላ ከረጢቱን ይረግማል። ማዳበሪያውን ደግሞ ዩኒየኑ መመዝገብ እንደጀመረ ይመዝገቡ፣ የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ።

ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል አግኝተው በየትኛው ወር እንደሸጡ ይጠይቋቸውና ይጻፉልኝ። የቡሬንና የአዲስ አበባን ዋጋ ወር በወር አስተያይቼ፣ ምን ያህሉን ቢያቆዩ እንደሚሻል አብረን እናሰላለን።